ኒቆዲሞስና የእጅ ውሃ

ይህን ወሬ መጀመሪያ የነገረችኝ ብርቱካን ናት፤ ከሐረር ፈላና በር ወጣ ብሎ ከኒቆዲሞስ ጋራዥ ፊት ለፊት ሻይ የምትሸጠዋ። ድርሻዋን አልነካባትም፤ ውሃውን ያፈሰሰችው እሷ ናት። ግን እሷ ያየችው የመኪናውን ውጪ ነው። ውስጡን የማውቀው እኔ ነኝ። ሃያ ሦስት ዓመት አሰብ የተመላለስኩ ሹፌር ነኝ እኮ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ሞተር ሲያስል ግን ከየትኛው ሳንባው እንደሆነ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ኤሊዳር በረሃ ላይ የነዳጅ ቱቦ ተበጥሶብኝ በፍየል አንጀት ቀጥዬ ገብቻለሁ። ያላመነ አንጀቱን የሸጠልኝን ሰውዬ ይጠይቅ፤ በሕይወት ካለ።

ኒቆዲሞስን እኛ ኒቆ ነው የምንለው። ቅድመ አያቱ ወታደር ሆኖ ከሸዋ መጥቶ እዚሁ ሐረር ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሁሉም እዚሁ ተወልደው እዚሁ ነው የተቀበሩት። አንድ እንግዳ ሰው «አገርህ የት ነው?» ካለው «ከዚህ በር እስከዚያ በር» ይላል፤ ሌላ አይጨምርም። ወሬ አይወድም። እኔ ለሁለታችንም አወራለሁ።

ሙያውን የተማረው በጦሩ ጋራዥ ነው። ሰማንያ ሦስት ላይ ጦሩ ሲበተን፣ ሰው ብርድ ልብስ ተሸክሞ፣ ድስት ተሸክሞ ሲመጣ፣ እሱ ግማሹን በእግሩ ግማሹን በጭነት መኪና ተንጠልጥሎ ገባ። ኪሱ ውስጥ የነበረችው አንዲት አስራ ሦስት ቁጥር መፍቻ ናት። እናቱ «ይህን ሁሉ ዓመት አገልግለህ ይቺን ብቻ?» አሉት። «ጠመንጃው የመንግሥት ነበር፣ አስረከብኩ። መፍቻዋ የእኔ ናት» አላቸው። በዚያች መፍቻ ነው ጋራዡን የከፈተው። ጋራዥ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አንድ የድንጋይ ግድግዳ፣ አራት ቆርቆሮ፣ አንድ የሚያነክስ አግዳሚ ወንበር። ወንበሩን ያነከሰው እኔ ነኝ፤ ያኔ ወፍራም ነበርኩ።

ግድግዳው ላይ ያለውን ልንገራችሁ። ሌላው ጋራዥ የቅዱስ ሥዕል ይሰቅላል፣ ኳስ ተጫዋች ይሰቅላል። ኒቆ በሽቦ የሚሰቅለው በስህተት የፈታውን ዕቃ ነው። «ይሄ ነው የተበላሸው» ብሎ አውጥቶ፣ ኋላ ደህና ሆኖ የተገኘውን ሁሉ ሚስማር ላይ ያንጠለጥለዋል። ጠዋት ሲገባ መጀመሪያ እሱን ያያል። እኔ ስቆጥረው አስራ አንድ ነበር። «አንተ ሰው፣ ደንበኛ ቢያይህስ?» ስለው «እነሱ ካላዩት እኔ እረሳዋለሁ» አለኝ። እኔ ብሆን ኖሮ ግድግዳ አይበቃኝም ነበር ብዬ ልቀልድ አልኩና ተውኩት። እኔ ስለማልሳሳት ቀልዱ አይሆንም።

እንግዲህ ዓመተ ምሕረቱ ዘጠና ስምንት ነው። የሐረማያ ሐይቅ ደርቆ፣ ቧንቧው በወር አንዴ እንኳን የማያንጠባጥብበት ዘመን። ያን ጊዜ ሐረር ውስጥ ጀሪካን ከሰው ይከበር ነበር። እንግዳ ሲመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እጁን ነው፤ ይዟል ወይስ ባዶውን ነው? ውሃ ደግሞ አንድ ሥራ ብቻ ሠርቶ አይፈስም። ሩዝ የታጠበበት ዕቃ ያጥባል፣ ዕቃ ያጠበው ወለል ያብሳል፣ ወለል ያበሰው ዛፍ ሥር ይደፋል። ኒቆም የራሱ ዘዴ ነበረው። እጁን ሲታጠብ ኮፈኑ የተከፈተ መኪና ላይ ጎንበስ ብሎ ነው፤ ውሃው ከእጁ ወርዶ የጋለው ራዲያተር ላይ እንዲያርፍ። «እጄም ይጠራል፣ እሱም ይበርዳል» ይላል። የምታስታጥበው ብርቱካን ናት፤ የብርጭቆ ማለቅለቂያዋን በጣሳ እየቀዳች።

በዚያ ዓመት ወደ እሱ የሚመጣው መኪና ሁሉ በሽታው አንድ ነበር። ጥሩ ውሃ ለሰው አልበቃ ሲል መኪና የጉድጓድ ጨዋማ ውሃ ይጠጣል፤ ጨው ራዲያተሩን ይደፍነዋል፤ መኪናው ይፈላል። ኒቆ ዓመቱን ሙሉ ራዲያተር ሲያጥብ ከረመ። ስለዚህ ሰው «መኪናዬ ሲሞቅ ይቆማል» ካለው፣ ቃሉን ሳይጨርስ እጁ ራዲያተሩ ላይ ነው። እዚህ ላይ ነው የተሳሳተው። ያን ዓመት ሐረር ውስጥ ያለ መካኒክ ሁሉ ይሳሳተው ነበር፤ እኔ ብቻ ነኝ የማልሳሳተው፤ አልጠየቀኝም።

መምህርት አስቴር አቦከር ሰፈር ነው የሚኖሩት። ባላቸው መምህር ኪዳነወልድ ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። የተዉላቸው አንዲት ያረጀች ጀርመን ሠራሽ መኪና ናት፤ ሰፈሩ «ጀርመኗ» ነው የሚላት። ሰውዬው ጀርመኗን እንደ ልጅ ይዘዋት ነበር፤ ልጃቸውን ቤዚን ደግሞ እንደ ዓይናቸው። ቤዚ ትንሽ ሆና ከኋላ ወንበር ተቀምጣ «አባዬ፣ ሳገባ በዚህች ነው የምትወስደኝ?» ስትል «በሌላ ከሄድሽማ አልሰጥሽም» ይሏት ነበር። ይሄን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አሁን ቤዚ ልታገባ ነው፤ ለዳግማይ ትንሣኤ እሑድ ተቆርጧል። አባት የለም። ጀርመኗ አለች።

ችግሩ ጀርመኗ ሃያ ደቂቃ ትሄድና ጭጭ ትላለች። አትንኳኳም፣ አታስልም፤ እንደ ሻማ ነው የምትጠፋው። አርባ ደቂቃ ስትበርድ ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች። ሙሽራ ተጭኖ እንዲህ ቢሆን አስቡት። የሙሽራ መኪና መንገድ ላይ ከቆመ ትዳሩ ላይ ወሬ አይጠፋም። የሙሽራው ወገኖች የድሬዳዋ ሰዎች ናቸው፤ ነጭ መኪና ተከራይተን እንላክ ብለዋል። መምህርት አስቴር «ቆዩ፣ አሳውቃችኋለሁ» ብለው ይዘዋቸዋል።

ኒቆ በጾሙ አጋማሽ ራዲያተሯን ፈቶ አጠበ። ጀርመኗ ቆመች። በሰሞነ ሕማማት ደግሞ የቤንዚን ፓምፑ ነው ብሎ አዲስ አስገዝቶ ቀየረ። ቆመች። ለሁለቱም ተከፍሎታል። አሮጌው ፓምፕ ደህና ሆኖ ተገኘና ሚስማር ላይ ወጣ፤ አስራ ሁለተኛው።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ማክሰኞ መምህርት አስቴር መጡ። ጀርመኗ ጋራዡ በር ላይ እንደገና ሞታ ነው በእግራቸው የገቡት። ብርቱካን እንደነገረችኝ አልተቆጡም። መምህር ሲቆጣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል አይደል?

«ኒቆዲሞስ፣ ልጄን ታደርሳታለች ወይስ አታደርሳትም?»

«እትዬ አስቴር፣ ሁለት ጊዜ አውቃለሁ ብዬ ነግሬዎታለሁ። አሁን አላውቅም።»

«እስከ ቅዳሜ ማታ እጠብቃለሁ። ከዚያ በኋላ ድሬዳዋ እደውላለሁ። ነጩ መኪና ይምጣ» አሉና ሄዱ።

ኒቆ ከሰዓቱን ሙሉ ከጀርመኗ ጋር ዋለ። አስነስቶ ያግላታል፤ ትሞታለች፤ ይጠብቃታል። አንድ ካቻቢቴ ከሞተሩ ጀርባ፣ ከመስታወቱ በታች ባለው ጥልቅ ቦታ ወደቀችበት። ለማውጣት በዚያ በኩል ሆዱ ድረስ ገባ፤ ቅባት በቅባት ሆኖ ወጣ። ጀርመኗ ያን ጊዜ ከሞተች አምስት ደቂቃ እንኳን አልሆናትም። «ብርቱካን፣ አስታጥቢኝ» አለ። ሌላ ቀን ቢሆን ወደ ፊት ዞሮ ራዲያተሩ ላይ ነበር የሚታጠበው፤ ደክሞታል፣ ባለበት እጁን ዘረጋ። ብርቱካን አንድ ጣሳ አፈሰሰችለት። ውሃው በሞተሩ ጀርባ ወርዶ ታች የሆነ ቦታ ችስስ አለ።

እጁን በሱሪው ጠረገና እንዲያው ለልማድ ቁልፉን አዞረ። ጀርመኗ ተነሳች።

በአምስት ደቂቃዋ። አርባ ደቂቃ የምታስጠብቅ ሴትዮ።

ኒቆ መልሶ አጠፋት ትላለች ብርቱካን። ከዚያ እንደገና አስነስቶ አግሎ አግሎ ገደላት። በሻይ ብርጭቆ ውሃ ለመነና እዚያው ቦታ ላይ ቀስ አድርጎ አንጠባጠበ። ተነሳች። ሦስተኛ፣ አራተኛም ሞከረ። ተነሳች። ብርቱካን አሁን ልቧ ማለቅለቂያዋ ላይ ነው።

«ጋሼ፣ ጣሳውን ለእጅህ ምሬልሃለሁ። ብርጭቆዎቹን ግን አልምርህም። ማጠቢያዬን ጨረስክብኝ።»

«እከፍልሻለሁ።»

«በምን? በብር? ብር ይጠጣል?»

«በውሃ።»

«አንድ ጀሪካን።»

«ለሦስት ብርጭቆ?»

«ሁለቱ ብርጭቆ የእኔ ነው፣ አንዱ የደንበኛ ነበር። ሊጠጣ ሲል ነው የወሰድክበት። ያስቀየምኩትን ሰው ማን ይመልስልኛል?»

እሺ አላት። ከብርቱካን ጋር ተከራክሮ ያሸነፈ ሰው አላውቅም፤ እኔም ሻይ ላይ ስኳር ይጨመርልኝ ብዬ ሦስት ዓመት ተሟግቻለሁ።

አሁን ውስጡን ልንገራችሁ። ከሞተሩ ኋላ ቮላኖ የሚባል ከባድ ክብ ብረት አለ፤ ከሞተሩ ጋር ይዞራል። ከአጠገቡ አውራ ጣት የምታህል ሴንሰር ትቀመጣለች። ሥራዋ መቁጠር ነው፤ ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረ ትላለች፤ እሷ ስትናገር ነው የሞተሩ ሻማዎች እሳት የሚሰጡት። ስታረጅ፣ ሲሞቃት ዝም ትላለች። እሷ ዝም ካለች ሞተሩ የቆመ ይመስለዋልና ይቆማል። ስትበርድ ቆጠራዋን ትቀጥላለች። ኒቆ እንዲህ ያለ ነገር ነክቶ አያውቅም፤ የጦሩ መኪና ሴንሰር የለውም፤ የሚያግዘው ጸሎት ብቻ ነው። ግን ውሃው የት ቦታ እንዳረፈ ያውቃል፤ በጣቱ ዳብሶ ሽቦዋን አገኘ። ከዚያ የአውቶቡስ ሹፌሩ ሳሙኤል አዲስ አበባ ነበርና ደወለለት፤ ከሶማሌ ተራ መለዋወጫ ሱቆች አዲስ ፈልጎ እንዲያመጣ። የትኛው ሱቅ እንደምትገኝ የነገርኩት እኔ ነኝ። ሳሙኤል ሌላ ሱቅ ነው ያገኘሁት ይላል። ይበል።

ሴንሰሯ አርብ ማታ በአውቶቡስ ሐረር ደረሰች። ቅዳሜ ጠዋት እኔም ራሴ ቦታው ላይ ነበርኩ፤ ከዚህ በኋላ ያለው የብርቱካን ሳይሆን የዓይኔ ነው።

ያቺ ቦታ እጅ አታስገባም። ከላይ ሞተሩና ከኋላው ያለው የመኪናው ግድግዳ ተጣብቀዋል። ከታች ደግሞ ኒቆ መኪና ማንሻም፣ ከሥር መግቢያ ጉድጓድም የለውም። ያደረገውን ልንገራችሁ፤ ከጋራዡ ጎን የጎርፍ መውረጃ ቦይ አለ። ውሃ ከጠፋ ወዲህ አመድ መስሎ ደርቋል። ሁለት ወፍራም ሳንቃ አጋድሞ ጀርመኗን በላዩ አቆማትና ቦዩ ውስጥ በጀርባው ተኛ። እኔ ከአፋፉ ቁጭ ብዬ የተሰበረ የመኪና መስታወት ይዤ ፀሐዩን ወደ ታች እልክለታለሁ። ሰው ሁሉ መስታወት መያዝ ቀላል ይመስለዋል። ፀሐይ ትሄዳለች፣ አንተም አብረህ መሄድ አለብህ።

የሴንሰሯ ብሎን ባለ ስድስት ጎን ቀዳዳ ነው፤ ቀዳዳው በሃያ ዓመት ቅባትና አቧራ ተደፍኗል። መፍቻው አልያዘም። በግድ ቢያዞረው ቀዳዳው ይላጣል፤ ከተላጠ ብሎኑ ሞተሩ ካልወረደ አይወጣም፤ ሞተር ወርዶ ለነገ አይደርስም። ኒቆ እጁን ሰበሰበ። ከዚያ «ዘምዘምን ወስፌ ለምኑልኝ» አለ። ዘምዘም ከጎረቤት ሙዳይና ሌማት የምትሰፋ የሐረር ሴት ናት። ወስፌዋን ለማንም አትሰጥም፤ እሷ ራሷ ይዛው መጥታ ቦዩ አፋፍ ላይ ቆመች፤ ዕቃዋ ከዓይኗ እንዳይጠፋ። ኒቆ በወስፌው ያን ቅባት ፍርፋሪ ፍርፋሪ አድርጎ ለቀመው። ግማሽ ሰዓት። ከዚያ መፍቻው ገባ፣ ብሎኑ ሲጥ አለ፣ ተፈታ።

አሮጌዋን ከመጎተቱ በፊት ሽቦዋ ጫፍ ላይ ረጅም ክር አሰረ። ስትወጣ ክሩ በሽቦዋ መንገድ ገብቶ ቀረ፤ አዲሷን በክሩ ስቦ ያንኑ መንገድ አስያዛት። እንዲህ ያለ ነገር ማንም አላስተማረውም።

የቀረው ብሎኑን መመለስ ነው። ልክ ያኔ መስታወቴ ጠፋ። ቀና ስል ደመና ነው፤ ጥቁር፣ ከሐኪም ጋራ በኩል የመጣ። ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። ባልዲ፣ ድስት፣ የሕፃን መታጠቢያ ሳይቀር ደጅ ተደረደረ። ዘምዘም እጆቿን ዘርግታ «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ትላለች። ከቦዩ ውስጥ ኒቆ «ዘምዘም፣ ትንሽ ቆይተሽ ለምኝ፤ ጎርፉ መጀመሪያ የሚያገኘው እኔን ነው» አላት።

«አንተ ቶሎ ጨርስ እንጂ እኔ አላህን ጠብቅ አልልም» አለችው።

ብርሃን የለም፤ ብሎኑ ከመፍቻው ላይ ይወድቃል። አንዴ ወደቀ፣ ከአመዱ ለቅሞ አወጣው። ሁለተኛ ወደቀ። ቮላኖው ቤት ውስጥ ቢገባ አለቀ። «ከኮቴ ኪስ ጧፍ ስጡኝ» አለ። ከፋሲካ የተረፈች ቁራጭ ጧፍ ናት። ሰሟን በጣቱ አለስልሶ ብሎኑን ከመፍቻው ጫፍ ላይ አጣበቀው። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ። አየሁት፤ ዓይኑን ጨፈነ። ለምን ብዬ ኋላ ስጠይቀው «ክፍት ሲሆን የሌለ ነገር ያሳየኛል» አለኝ። ቀስ ብሎ ከፍ አደረገው፣ ዳበሰ፣ አገኘ፣ አዞረ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ያዘ።

ደመናው ወደ ድሬ ጠያራ አለፈ። እኛ ጋ የወደቀው ጠብታ ይቆጠራል። ዘምዘም ወስፌዋን ጠርጋ «የኔን ጸሎት አንተ ነህ ያስቀረኸው» ብላ ሄደች፤ እስከ ዛሬ ትነግረዋለች።

መምህርት አስቴር በዘጠኝ ሰዓት መጡ። ኒቆ ጀርመኗን አስነስቶ ኮፈኗ ላይ ብርድ ልብስ አለበሳት፤ በሚያዝያ ፀሐይ፣ እንዲያፍናት። «ልትቆም ከሆነ ዛሬ ትቁም» አለ። መምህርት የብርቱካን በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሻይ ቀረበላቸው፤ አልነኩትም። ሃያ ደቂቃ ሆነ። ማንም አላወራም፤ እኔ እንኳን። አርባ ደቂቃ ሆነ። አንድ ሰዓት ሲሞላ ሻዩን አነሱና የቀዘቀዘውን በአንድ ትንፋሽ ጠጡት። ድሬዳዋ አልደወሉም።

እሑድ ቤዚ በአባቷ መኪና ወጣች። ኒቆ ኮት ለብሶ ከፊት ተቀምጧል፤ ጉልበቱ መሃል በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ማሰሮ ውሃ ይዟል። ብትቆም ሊያንጠባጥብላት ነው። የሙሽራው አክስት ጠበል መስሏቸው በመስኮት እጃቸውን ሰደው ትንሽ እንዲረጫቸው ለመኑት። ረጫቸው። ምን ያድርግ? ጀርመኗ ቤተ ክርስቲያን ደረሰች፣ ከዚያ ሰርገኛውን አስከትላ ከተማውን ዞረች፣ አዳራሽ ገባች። አንዴም አልቆመችም። በዚያ ዓመት ለሠርግ የሚመጣው ስጦታ ውሃ ነበር፤ አዳራሹ በር ላይ ቢጫ ጀሪካን እንደ ሚዜ ተሰልፎ ነበር።

ሰኞ መምህርት አስቴር ፖስታ ይዘው ጋራዡ መጡ። ኒቆ ፖስታውን አልተቀበለም። ወደ ግድግዳው ሄዶ አስራ ሁለተኛውን፣ ያን ደህና ፓምፕ ከሚስማሩ አወረደ።

«ይሄ የእርስዎ ነው። ቀድሞም ደህና ነበር፤ ለመለዋወጫ ይያዙት።»

«እሺ፤ ያሁኑ ሥራስ?»

«ለራዲያተሩና ለፓምፑ የከፈሉኝ ይበቃል። በእነዚያ የተማርኩት እኔ ነኝ፤ የከፈሉት እርስዎ። ለትምህርት የሚከፍለው ተማሪው ነው። መምህርት ነዎት፣ ያውቁታል።»

መምህርት «እንግዲያው ምንም የለብኝም?» አሉት።

«ለእኔ የለብዎትም። እኔ ግን የብርቱካን ባለዕዳ ነኝ።»

ሳቁ። ለካ ሰምተዋል፤ ብርቱካን ሠርጉ ላይ ለጎረቤቱ ሁሉ ስታወራ ነው ያመሸችው። የጀርመኗን ኋላ ከፈቱ፤ ከሠርግ የተረፈ አንድ ቢጫ ጀሪካን ተቀምጧል። ኒቆ ተሸክሞ መንገዱን ተሻገረና የብርቱካን ጠረጴዛ ሥር አስቀመጠው። እሷ ክዳኑን ፈታች፣ ጣቷን ነክራ ቀመሰች። ጨው የለውም።

«ተከፍያለሁ» አለችና ክዳኑን መልሳ ገጠመች።